የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ታሪክ፤ ከጃፓኑ መስፍን ከሐቺሱካ ታሪክ ጋራ

በቀድሞ ዘመን አገር ገዢ የሚባለው ሰው አራት ሥራ በአንድ እጁ ይይዝ ነበር። ግብር ተቀባዩ እርሱ ነው፤ ዳኛውም እርሱ ነው፤ ጦር አዝማቹም እርሱ ነው፤ ባለ ጉልቱም እርሱ ነው። ደመወዝ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ገባሩ የሚያገባለት እህልና ማር፥ በሁዳዱ ላይ የሚያርስለትም ጉልበት ደመወዙ ነበር። ከዚህ ላይ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚገባውን ይከፍላል፤ ወታደሩን ያበላል፤ የቀረው ለቤቱ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሥርዓት በኢትዮጵያ ብቻ የተገኘ አይደለም፤ በአውሮጳም በጃፓንም ነበረ። በያገሩ የተለያየው የቀረበት አኳኋን ነው።

ሰውንና መሬትን በጌትነት ይገዛ የነበረው መኰንን፥ በደመወዝ የሚሠራ የመንግሥት ሰው ወደ መሆን እንዴት ተሻገረ? ነገሩን በሕግና በአዋጅ ብቻ ማስረዳት ለተማሪ ይከብዳል፤ በሁለት ሰዎች ሕይወት ማስረዳት ግን ይቀላል። አንዱ የጃፓን መስፍን ሐቺሱካ ሞቺአኪ ነው፤ ሁለተኛው የኛው ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። ከዚህ በታች የተጻፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ፥ የጃፓኑም ጭምር፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በሞቱበት በ1860 ዓ.ም. በጃፓን አገር ከ250 ዓመት በላይ የቈየው የቶኩጋዋ ቤት አገዛዝ ወደቀ። የዚህ ቤት አለቃ ሾጉን ይባል ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በስም ብቻ ተቀምጦ ሳለ ሥልጣኑን ሁሉ የያዘው ሾጉን ስለ ነበረ፥ በዘመነ መሳፍንት በጐንደር ንጉሥ እያለ አገሩን ይገዙ የነበሩትን የየጁ ራሶች ይመስላል። በዚያን ጊዜ በጃፓን ከ260 የሚበልጡ መሳፍንት ነበሩ። እያንዳንዱም ግንብ፥ የራሱ ጦረኛ፥ የራሱም ሕግ ነበረው፤ ግብሩንም በሩዝ ይቀበል ነበር። ከነዚህ አንዱ ሺኮኩ በምትባል ደሴት የቶኩሺማ ገዢ የነበረው ሐቺሱካ ሞቺአኪ ነው። የአባቱን ስፍራ የወረሰው በዚያው በ1860 ዓ.ም. በ21 ዓመቱ ነበር። አገሩ በዓመት ከ250,000 ኮኩ በላይ ሩዝ ያገባል ተብሎ ይገመት ነበር፤ አንድ ኮኩም ለአንድ ሰው የዓመት ቀለብ የሚበቃ ነው።

አዲሱ የሜጂ መንግሥት ሥራውን በሁለት እርምጃ ፈጸመ። በመጀመሪያ በ1861 ዓ.ም. መሳፍንቱ የመሬታቸውንና የሕዝባቸውን መዝገብ ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲያስረክቡ አደረገ፤ ወዲያውም እነርሱን ራሳቸውን በየአገራቸው ሹሞ፥ ከአገሩ ገቢ ከዐሥር አንዱን ለግላቸው ተወላቸው። ሁለተኛው እርምጃ በነሐሴ 1863 ዓ.ም. ሆነ። መሳፍንቱ ወደ ቶኪዮ ተጠርተው ግዛታቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀረ መሆኑ ተነገራቸው፤ በስፍራቸውም መንግሥት የሚሾማቸውና የሚሽራቸው አስተዳዳሪዎች ተላኩ። በዚህ ጊዜ መሳፍንቱ አልተዋጉም። ያልተዋጉበትም ምክንያት ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ መንግሥት የብዙዎቹን ዕዳ ስለ ተቀበለላቸውና የጦረኞቻቸውን ቀለብ ስለ ተሸከመላቸው ነው። በ1868 ዓ.ም. ደግሞ ያ ቀለብ ተቋርጦ ወለድ በሚያስገኝ የመንግሥት የዕዳ ወረቀት ተለወጠ። ታላላቆቹ መሳፍንት ይህን ወረቀት በባንክና በምድር ባቡር ማኅበር አስገቡት። ትንንሾቹ ጦረኞች ግን የተሰጣቸው አልበቃቸውም፤ ከነሱም ብዙዎቹ በ1869 ዓ.ም. በሳትሱማ ሸፍተው አለቁ።

ሐቺሱካ ግዛቱ ከቀረ በኋላ በ1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በኦክስፎርድ ተማረ። የ250,000 ኮኩ ጌታ የነበረው ሰው ደብተር ይዞ ከተማሪ ጋራ በአንድ ወንበር መቀመጡ፥ በዚያ ዘመን ለነበረው የአገሩ ሰው እንግዳ ነገር መሆኑ አይጠረጠርም። ከተመለሰ በኋላ በፓሪስ የጃፓን መልእክተኛ ሆነ፤ የቶኪዮ ከተማ ገዢ ሆነ፤ የመሳፍንቱም ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነ። በመስከረም 1889 ዓ.ም.፥ ይኸውም ከዐድዋ ድል በኋላ በሰባተኛው ወር ገደማ፥ የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። በ1876 ዓ.ም. አዲስ የመሳፍንት ሕግ በወጣ ጊዜ ማርኪ የሚባለውን ማዕርግ አግኝቶ ነበር። የሞተው በ1910 ዓ.ም. ነው።

ይሁን እንጂ የጃፓንን ሥራ ነቀፋ የሌለበት አድርጎ ማስተማር አይገባም። መሳፍንቱ ካሣ ሲቀበሉ ገበሬው የተቀበለው አዲስ ግብር ነው። በ1865 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ገበሬው የመሬቱን ዋጋ ከመቶ ሦስት በየዓመቱ በጥሬ ገንዘብ እንዲከፍል ታዘዘ። አዝመራው ሲበላሽ በሩዝ እንደ ነበረው ጊዜ ግብሩ አይቀነስለትም፤ ስለዚህ ብዙው ተበድሮ መሬቱን አጣና የሌላ ሰው ጭሰኛ ሆነ። ሐቺሱካም ራሱ በሰሜን በሆካይዶ ደሴት ሰፊ እርሻ ይዞ በጭሰኞች ያሳርስ ነበር። በቶኩሺማ ገባር የተወሰደበት ጌታ በሆካይዶ ጭሰኛ አገኘ ማለት ነው። የጃፓን ጭሰኛ መሬት ያገኘው አገሩ በጦርነት ከተሸነፈ በኋላ፥ በ1939 ዓ.ም. በወጣው የመሬት ሕግ ነው። የመሳፍንቱም ማዕርግ በዚያው ዓመት በአዲሱ ሕገ መንግሥት ቀረ።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፥ የአገራችን የተማሩ ሰዎች የጃፓንን መንገድ በትጋት ይመለከቱ ነበር። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የተፈረመውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ ከመሠረቷቸው ምሳሌዎች ዋናው በ1881 ዓ.ም. የታወጀው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. በመልእክት ወደ ጃፓን ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ነገር ግን የተወሰደው ሕገ መንግሥቱ ነው። ከዚያ ሕገ መንግሥት 18 ዓመት አስቀድሞ በ1863 ዓ.ም. የተሠራው ሥራ፥ ጉልትን ከገዢው እጅ አውጥቶ ገዢውን በደመወዝ የማሳደሩ ነገር፥ አብሮ አልተወሰደም። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሲከፈት በወንበሩ የተቀመጡት መኳንንት ገባሮቻቸውን እንደ ያዙ ነበሩ። የልዑል ራስ እምሩን ሕይወት ለትምህርት የሚያበቃውም ይህ ነው፤ ሕጉ ያላዘዛቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ማድረግ ጀምረው ነበርና።

ልዑል ራስ እምሩ የደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ልጅ ሲሆኑ በኅዳር ወር 1885 ዓ.ም. ተወለዱ። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፥ በዚያን ጊዜ ከተፈሪ መኰንን፥ በአራት ወር ብቻ ያንሳሉ። ሁለቱም ዘመዳሞች ነበሩ፤ በሐረር በልዑል ራስ መኰንን ቤት እንደ ወንድማማች አብረው አደጉ፤ ትምህርታቸውንም አብረው ተማሩ። ራስ መኰንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ሲሞቱ ሁለቱም ገና ልጆች ነበሩ። ይህ የልጅነት ወዳጅነት ኋላ በብዙ ነገር ተፈትኗል፤ ፈጽሞ የተቈረጠ ግን አይመስልም።

ተፈሪ መኰንን በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና እንደራሴ ከሆኑ በኋላ እምሩ ሐረርን በርሳቸው ስም አስተዳደሩ፤ ቀጥሎም ወሎን ገዙ። በ1924 ዓ.ም. የራስነትን ማዕርግ አግኝተው ጎጃምን እንዲገዙ ተላኩ። የተላኩበትም ምክንያት የቀድሞው ገዢ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ስለ ተሻሩ ነው።

ስለ ራስ ኃይሉ ጥቂት ማለት ይገባል። ምክንያቱም ራስ ኃይሉም በራሳቸው መንገድ ዘመናዊ ነበሩ። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ናቸው። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋራ አውሮጳን አይተዋል፤ በአዲስ አበባ ሲኒማና ሌላም የንግድ ሥራ ነበራቸው፤ አውቶሞቢልም ወዳጅ ነበሩ። ነገር ግን ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ገንዘብ የሚመጣው ከጎጃም ገበሬ ነበር፤ ግብሩ በላይ በላዩ ስለ ተጨመረበት ሕዝቡ እጅግ ተማረረ። ልጅ ኢያሱ ከፍቼ ባመለጡ ጊዜ ራስ ኃይሉ እጃቸው አለበት ተብለው ተፈረደባቸው፤ ሀብታቸውም ተወረሰ። እንግዲህ አውቶሞቢል መግዛትና የአገዛዝን ሥርዓት መለወጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ተማሪው ከዚህ ማየት ይችላል።

ራስ እምሩ በቅንነታቸውና በትሕትናቸው የተመሰገኑ ሰው ነበሩ። በጎጃም ግን ሥራው ቀላል አልሆነላቸውም። የጎጃም መኳንንት ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ውጭ ሌላ ገዢ ሲመጣባቸው እንደ እንግዳ ቈጠሩት፤ አብረው የመጡትን ሹማምንትም አልወደዱአቸውም። መልካም ገዢ መሆን ብቻውን የቈየ ሥርዓትን አይለውጥም፤ ጊዜም ይጠይቃል። ለራስ እምሩ የተሰጣቸው ጊዜ ሦስት ዓመት ብቻ ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ ዘመቱ። ጦሩ እንደ ድሮው ሥርዓት የተሰበሰበ፥ ስንቁን ራሱ የሚይዝ፥ በየአለቃው ስም የሚከተል ነበር። ገና በመንገድ ሳሉ የራስ ኃይሉ ዘመድ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ከድተው ወደ ጎጃም በመመለስ ዐመፅ አስነሡ፤ ብዙ ሰውም ተከተላቸው። የቀረው ጦር ግን በታኅሣሥ ወር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጊና በሚባለው በር ላይ የኢጣልያን ታንኮች ከብቦ ማረከ። ጠመንጃና ጐራዴ የያዘ ሰው ታንክ ላይ ወጥቶ መማረኩ በዚያ ጦርነት ከታዩት ታላላቅ ጀግንነቶች አንዱ ነው። ከዚህ በኋላ የኢጣልያ አውሮፕላኖች በተከዜ ዳር የመርዝ ጋዝ አወረዱ። በየካቲት መጨረሻ በተደረገው የሽሬ ጦርነት የራስ እምሩ ጦር ለጥቂት ቀን በብርቱ ከተዋጋ በኋላ ጥይቱ አለቀበት፤ በማፈግፈግም ላይ ሳለ በአውሮፕላን ተበተነ።

ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ራስ እምሩን እንደራሴ አድርገው ሾሙ፤ የመንግሥቱም መቀመጫ በኢሉባቦር ጎሬ እንዲሆን ተወሰነ። በዚህ ጊዜ ራስ እምሩ ግዛት የላቸውም፤ ገባር የላቸውም፤ የሚከተላቸው የአባት ሎሌም ጥቂት ነው። ወደ እርሳቸው የመጡት ግን ሌላ ዓይነት ሰዎች ናቸው። በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የሠለጠኑና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች «ጥቁር አንበሳ» የሚባለውን ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ሊቀ መንበራቸውም ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ነበሩ። ማኅበሩ የተጻፈ ደንብ ነበረው፤ በደንቡም ጦረኛው ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ ተወስኖ ነበር። እነዚህ ወጣቶች ራስ እምሩን እንዲመሩአቸው ለመኑአቸው፤ እርሳቸውም ተቀበሉ። በጉልትና በዘር ሳይሆን በደንብና በፈቃድ የተከተለ ጦር የመሩት በዚህ ጊዜ ነው። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ በጠላት ተከብበው እጃቸውን ሰጡ። ከነርሱም ጋራ ከተያዙት ወጣቶች ብዙዎቹ ከሁለት ወር በኋላ በየካቲት 12 በተነሣው ጭፍጨፋ ጊዜ በጠላት እጅ አለቁ።

ራስ እምሩ ወደ ኢጣልያ ተወስደው ፖንሳ በምትባል ትንሽ ደሴት ታሰሩ። ያሳሰራቸው ሙሶሊኒም በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርዶ በገዛ ወገኖቹ ታስሮ ወደዚያችው ወደ ፖንሳ ተላከ። ራስ እምሩ ወደ አገራቸው የተመለሱት ከሰባት ዓመት ግዞት በኋላ ነው።

ሲመለሱ ያገኙት አገር በአንድ ነገር ተለውጦ ነበር። በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ የጠቅላይ ግዛት ገዢዎች ሁሉ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር የሚሠሩ፥ ደመወዝ የሚቀበሉ ሹማምንት ሆኑ፤ የራሳቸውን ጦር ማቆምና ግብር ለቤታቸው ማስገባት ተከለከሉ። ጃፓን በ1863 ዓ.ም. ያደረገችው የመጀመሪያው ግማሽ በዚህ ተፈጸመ ማለት ይቻላል። መሬቱ ግን እንዳለ ቀረ። ጉልት በሕግ የቀረው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ የባለ ርስቱና የጭሰኛው ነገርም ከዚያ በኋላ እንኳ አልተነካም። ጭሰኛው እንደየአገሩ ልማድ ሲሶ ወይም እርቦ፥ በአንዳንድ ስፍራም እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ያገባ ነበር።

በዚህ ክፍል ላይ የሚያስተምር መምህር ከመጽሐፍ ይልቅ ሽማግሌ ቢጠይቅ የበለጠ ይጠቀማል። በአዲስ አበባ ምሥራቅ በጎሮና በዙሪያዋ፥ ዛሬ ቤት በሞላበት ስፍራ፥ ጤፍና ስንዴ ሲታረስ ያዩ ሰዎች ይገኛሉ። አዝመራው በአውድማ ላይ ሲካፈል ማን ይቆም እንደ ነበረ፥ ዘርና በሬ የማን እንደ ነበረ፥ ጭሰኛው ቢነቀል ወዴት ይሄድ እንደ ነበረ ቢጠየቁ፥ ተማሪው «እርቦ» የሚለውን ቃል በሒሳብ ሳይሆን በቁና ይረዳዋል።

ራስ እምሩ ከጦርነቱ በኋላ የኖሩት በመልእክተኛነት ሥራ ነው። በዋሽንግተን፥ በህንድ፥ በኋላም በሞስኮ የኢትዮጵያ ወኪል ሆኑ። እዚህ ላይ የሐቺሱካን መንገድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ግዛታቸውን ከተዉ በኋላ አገራቸውን በውጭ አገር በደመወዝ አገልግለዋል። የሚለዩት በመሬቱ ነገር ነው። ሐቺሱካ ካሣ ተቀብሎ አዲስ እርሻ ሲያቋቁም፥ ራስ እምሩ ካሣ የሚሰጣቸው ሳይኖር የራሳቸውን መሬት ለጭሰኞቻቸው አከፋፈሉ። በዚህም ምክንያት አንዳንድ መኳንንት በብስጭት፥ ወጣቶች ግን በፍቅር «ቀዩ ራስ» አሉአቸው። «ፊታውራሪ በላይ» የሚባለውንም ልብ ወለድ የጻፉ ናቸው።

ይሁን እንጂ አንድ ሰው በቸርነቱ የሚሠራው ነገር በርሱ ደጃፍ ላይ ያበቃል። የራስ እምሩ ጭሰኞች መሬት ሲያገኙ የጎረቤቱ ባለ ርስት ጭሰኞች እንደ ነበሩ ቀሩ። በወላይታ አውራጃ ገዢ የነበረው ገርማሜ ንዋይም ለመሬት አልባዎች መሬት ማደል ቢጀምር፥ ባለ ርስቶቹ ከሰውት ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። ይኸው ሰው ከወንድሙ ከብርጋዴየር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋራ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መንግሥት ለመገልበጥ ሲነሣ፥ ዐማፂዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው ያወጁት ልዑል ራስ እምሩን ነበር። ይህ ምርጫ ሕዝቡ በማን ላይ እምነት እንዳለው ዐማፂዎቹ ምን ያህል እንደ ገመቱ ያሳያል። ሙከራው በጥቂት ቀን ከሸፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን የልጅነት ወንድማቸውን አልቀጡአቸውም፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሞስኮ በአምባሳደርነት ተልከዋል።

ከልጆቻቸው ወይዘሮ ዮዲት እምሩ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሴት አምባሳደር ሆኑ። ልጅ ሚካኤል እምሩ ደግሞ በ1966 ዓ.ም. ክረምት፥ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሊወድቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፥ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገውን አዋጅ አወጣ። ባለ ርስትና ጭሰኛ መባል ቀረ፤ ለመሬቱም ካሣ አልተከፈለም፤ ለአንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይሰጥ ተወሰነ። ጃፓን መሳፍንቷን ካሣ ከፍላ ካሰናበተችበት ቀን አንሥቶ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት በኅዳር 1967 ዓ.ም. ስድሳ የሚያህሉ ሹማምንትና መኳንንት ያለ ፍርድ ተገድለዋል። በዚያ ሁሉ መካከል የ82 ዓመቱ ራስ እምሩ አልተነኩም፤ አዲሶቹም ገዢዎች ያከብሩአቸው ነበር። መሬታቸውን ስላልወረሱአቸው አይደለም፤ የሚወረስ ብዙ መሬት አልነበራቸውም።

በነሐሴ 1972 ዓ.ም. በ87 ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ። መሳፍንትን ሁሉ ከሥር የነቀለው መንግሥት በክብር ሥነ ሥርዓት አስቀበራቸው። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉበት «ካየሁት ከማስታውሰው» የሚለው መጽሐፍ ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጥቷል።